ጫካ ብዬ የጻፍኩት ጓሮ

በወጣትነቴ ባነበብኳቸው የውጭ አገር መጻሕፍት ውስጥ ብርድ በገባ ቁጥር አንድ ሰው መስኮት አጠገብ ይቆምና የተራቆተ የአትክልት ቦታ ያያል። ቅጠል የለም፤ ወፍ የለም፤ በረዶ ብቻ። ሰውየው ለሁለት ገጽ ያህል ያዝናል። ከዚያ ከበረዶው ሥር ዘር መኖሩ ትዝ ይለውና ይጽናናል። ምሳሌው አልጠፋኝም። ከላይ ሞት፣ ከታች ተስፋ። ችግሩ እኔ ይህን የማነበው ጅማ ውስጥ፣ በሐምሌ፣ የሚያፈስ ቆርቆሮ ጣራ ሥር ሳፋ ደቅኜ መሆኑ ነበር። የእኛም ቤት መስኮት ነበረው። ከመስኮቱ ውጭ ግን የሞተ ነገር አልነበረም። ደርቋል ተብሎ ለአጥር የተተከለው እንጨት እንኳ አቆጥቁጦ ነበር።

ስለ አትክልት ቦታ ምሳሌነት የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገር ይጎድላቸዋል፤ ጭቃና ረኃብ። እኔ ሁለቱንም በአንድ ክረምት፣ በአንድ ጓሮ ውስጥ አግኝቻቸዋለሁ፤ ባለውለታዎቼ ናቸው።

ጅማን በስም የሚያውቁ ሰዎች «እዚያ አገር ምን ይጠፋል፣ ዱላ ቢተክሉ ይበቅላል» ይላሉ። ልክ ናቸው፣ ይበቅላል። በሰኔ የተከሉትን ዱላ ግን በሐምሌ አይበሉትም። ከተማው ይበልጥ በለመለመ ቁጥር ሌማታችን ይበልጥ ይራቆት ነበር። በቆሎው ገና አበባ ላይ ነው፤ ያለፈው ዓመት እህል አልቋል፤ በዓይን የሚታየው ሁሉ ቅጠል ነው፤ የሚበላ የለም። የልምላሜ ቅኔ የሚደረድሩ ሰዎች በመስከረም ይመጡና በጥቅምት ይሄዳሉ፤ ሐምሌን አያውቋትም።

ጊዜው የደርግ የመጨረሻ ዓመታት ነበር። እሱ ግን መጨረሻው መሆኑን ስላላወቀ እንደ መጀመሪያው ያዝዝ ነበር። ወላጆቼ ከሰሜን ሸዋ የመጡ ናቸው፤ አባቴ በመንግሥት ሥራ ተዛውሮ፣ እናቴ እሱን ተከትላ። እኔና ሁለቱ ታናናሽ ወንድሞቼ ጅማ ተወለድን። እናቴ ሃያ ዓመት ኖራበትም «አገሬ» ስትል ጅማን ማለቷ አልነበረም። ጓሮዋ ምስክር ነበር፤ ድንች በመስመር፣ ነጭ ሽንኩርት በመስመር፣ ጥቅል ጎመን በመስመር። ግማሹን ዝናቡ ያበሰብሰዋል፣ ከቀረው ግማሹን ቀንድ አውጣ ይበላዋል፤ እናቴ በዓመቱ እዚያው መስመር ላይ ደግማ ትተክላለች። ተስፋ ማለት ምን እንደሆነ ከመጽሐፍ መማር አያስፈልገኝም ነበር።

ከአጥራችን ማዶ አንዲት አዛውንት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። የጅማ ነባር የሙስሊም ቤተሰብ ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፣ ልጆቻቸው አግብተው ወጥተዋል። ሰፈሩ በሙሉ «አዴ»፣ እናት እንደ ማለት፣ ይላቸዋል፤ እኛም አዴ እንላቸዋለን። በኦሮምኛ ጀምረው በአማርኛ ይጨርሳሉ፤ መሃል ላይ አላህን ይጠሩበታል። ጓሯቸው ለእኛ ዓይን ጓሮ አልነበረም። እንሰቱ ከጣራቸው በላይ ወጥቷል፤ ከእንሰቱ ሥር ቡና፣ ከቡናው ሥር ኮረሪማ፣ በየክፍተቱ ደግሞ እንደ ዝሆን ጆሮ የተንሰራፋ የጎደሬ ቅጠል። መተላለፊያ የሚባል የለውም። እናቴ በአጥሩ ቀዳዳ እያየች «ምስኪን፣ የሚያርምላቸው አጡ» ትል ነበር።

በዚያ ዓመት ሰኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ጨርሼ ውጤት እጠብቅ ነበር። ሥራ አልነበረኝም፤ ጽሕፈቴ ግን ያምር ነበር፤ ያን ደግሞ ቀበሌው ያውቃል። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ከአብዮቱ በፊት ልብስ ሰፊ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። ቀጥ ያለ መስመር የሚወድ ሰው ነበር፤ መንግሥቱም ቀጥ ያለ መስመር ይወድ ስለነበር ተግባቡ። የምርት ዘመቻ ታውጇልና እያንዳንዱ ጓሮ ይመዝገብ ተባለ። «የለማ» የተባለው ለባለቤቱ ይቆያል። «ያልለማ» የተባለው ተመንጥሮ ለወጣት ማኅበሩ ይሰጣል፤ ማኅበሩም ጥቅል ጎመን ይተክልበታል። ጥቅል ጎመን ለምን እንደተመረጠ የጠየቀ ሰው አላስታውስም። ምናልባት ሲተከል መስመሩ ከሩቅ ስለሚታይ ይሆናል።

መዝጋቢዋ እኔ ሆንኩ። ዣንጥላ በአንድ እጅ፣ መዝገብ በሌላው ይዤ ቤት ለቤት ዞርኩ። አዴ ቤት ስደርስ እሳቸው ገበያ ሄደው ነበር። በአጥሩ በኩል አየሁ፣ ምንም መስመር አጣሁ፣ «የተተከለው» በሚለው ዓምድ ሥር «ጫካ»፣ «ሁኔታ» በሚለው ሥር «ያልለማ» ብዬ ጻፍኩ። አልዋሸሁም። ይህን ለራሴ ለብዙ ዓመት ስነግረው ኖሬያለሁ። ተወልጄ ባደግሁበት ከተማ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ በአጥር ቀዳዳ ሳየው የኖርኩትን ነገር ስም አላውቀውም ነበር፤ ያየሁትን በማውቀው ቃል ጻፍኩት። የማያውቅ ሰው ሐቀኝነት እንዲህ ነው፤ ሕሊናን አይቆረቁርም።

ሐምሌ ሲጋመስ ጤፍ ጠፋ። ጤፍ የጫነ መኪና አንዳንዱ ኬላ ላይ ይቆማል፤ ኬላውን ያለፈው ጭቃ ላይ ይቆማል። የቀበሌው ሱቅ መደርደሪያ ላይ ጨውና ክብሪት ቀረ። አባቴ አጋሮ፣ ቡና መጋዘን ውስጥ ስለሚሠራ በየሁለት ሳምንቱ ነበር የሚመጣው። እናቴ የበቆሎ ቂጣ በቀን አንድ ጊዜ ጋግራ እኩል ትቆርሰውና የራሷን ድርሻ «ጨጓራዬ» እያለች ለወንድሞቼ ታካፍላለች። ጨጓራዋ የሚያማት ቂጣ ሲያንስ ብቻ ነበር።

ደብዳቤው በዚያው ሳምንት ወጣ፤ ለያንዳንዱ «ያልለማ» ጓሮ ባለቤት አንድ አንድ። ኮሚቴው በፍልሰታ ጾም ውስጥ መጥቶ ያያል፤ እስከዚያ ያልለማ ይመነጠራል። የጻፍኳቸው እኔ፣ የማድላቸውም እኔ። የአዴን የመጨረሻ አደረግሁት።

አዴ በረንዳቸው ላይ ሆነው መኮትኮቻ ይስሉ ነበር። ወረቀቱን ተቀብለው ገለባበጡት።

«ምን ይላል?»

«ደብዳቤ ነው፣ አዴ። ከቀበሌ።»

«ደብዳቤ መሆኑንማ አየሁ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አንቺ ቆጥረሻል። አንብቢልኝ እንጂ።»

አነበብኩ። የጻፍኩትን ነገር፣ የተጻፈበት ሰው ፊት ቆሜ ጮክ ብዬ ሳነብ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጽፌያለሁ፤ እንደዚያ ያለ አንባቢ ግን ዳግመኛ አልገጠመኝም።

«ጫካ?» አሉ አዴ።

«እንደዚያ ይላል።»

«ማነው የጻፈው?»

ውሃው ከጣራው ጠርዝ እየወረደ በርሜሉን ሞልቶ ይፈስሳል። አዴ ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዞሩት።

«ጽሕፈቱ ቆንጆ ነው። ቀጥ ያለ። የሴት ልጅ እጅ ይመስላል።»

«እኔ ነኝ፣ አዴ።»

«ኤዬ፣ አውቃለሁ።» መኮትኮቻውን አስቀምጠው ተነሡ። «ነዪ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። ጫማሽን አውልቂና ነዪ፣ ጫካውን ላሳይሽ።»

ተከተልኳቸው። ቅጠሉን በክንዳቸው ገለጥ ሲያደርጉት መተላለፊያ እንዳለ አየሁ፤ ለእሳቸው ስፋት የተሠራ ጠባብ መንገድ። አንድ ትልቅ የጎደሬ ተክል ሥር አንበረከኩኝ።

«እጅሽን ስደጂ።»

«የት?»

«ታች። ቅጠሉን ተዪው። ቅጠል ወሬ ነው።»

እጄ እስከ ክርኔ ገባ። አፈሩ ከላይ ቀዝቃዛ ነበር፤ ከውስጥ ግን ይሞቅ ነበር። ጣቶቼ አንድ ትልቅ ነገር ነኩ፤ በዙሪያው የተለጠፉ ትናንሽ ነገሮች አሉ።

«ስንት ናቸው?»

«አምስት። አይ፣ ስድስት።»

«መሃል ያለችው ትልቋ እናታቸው ናት፤ እሷን አትንኪ። ልጆቹን ብቻ ገንጥለሽ አውጪ፣ እሷን አፈር አልብሰሽ ተያት። ሌላ ትወልዳለች። ገበሬ ነኝ ባይ ሁሉ ነቅሎ ይጨርሳታል፣ ከዚያ ዘር ጠፋ ይላል።»

«ይሄ ሁሉ ከሥር ነበር?»

«ታዲያ የት ይሁን? ከላይ ቢሆን ጦጣ ይበላው ነበር።» ትንሽ አሰቡና ጨመሩ። «ቀበሌም።»

ዘሩን ወንድማቸው ከደዶ ገጠር በጀርባው አምጥቶላቸው እንደነበር፣ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከሐምሌ እስከ መስከረም ሌላ የሚበሉት ነገር እንደሌላቸው እዚያው ቁጢጥ ብለን ነገሩኝ። ለማማረር አልነበረም፤ የእንሰቱን ዕድሜ በነገሩኝ ድምፅ ነው የነገሩኝ። ጓሮው ከተመነጠረ ክረምቱን በምን እንደሚያልፉ ግን አልነገሩኝም፤ እኔም ለመጠየቅ አፍ አልነበረኝም። ስወጣ ዘንቢል ሙሉ ጎደሬ አሸከሙኝ።

«ለእናትሽ ስጫት።»

«አዴ፣ እናቴ ጎደሬ...» ልጨርሰው አልቻልኩም። ለእናቴ ጎደሬ የችግር ምግብ ነበር፤ ችግር ደግሞ ልክ እንደ ሽንት ቤት በሌላ ሰው ፊት ስሙ አይነሳም።

«አውቃለሁ። ለበጋችሁ ነው በያት።»

እናቴ ዘንቢሉን አይታ «በግ የለንም» አለች።

«አዴም ያውቃሉ» አልኳት።

ዘንቢሉን ረዥም ጊዜ አየችው። ከዚያ ድስት ጣደች። እንደ ድንች መስሏት ጥቂት አፍልታ አወጣችውና፣ ላጥ ላጥ አድርገን በላን። ትንሽ እንደቆየን ጉሮሯችን ውስጥ ጉንዳን የተርመሰመሰ መሰለን። ታናሹ ወንድሜ ምላሱን አውጥቶ ማልቀስ ጀመረ፤ ትልቁ አንገቱን ያክካል። እናቴ በአንድ ድስት ሦስት ልጆቿን የመረዘች መስሏት ወደ አጥሩ ሮጠች።

«አዴ! ምንድነው የሰጡን? ልጆቹ ጉሮሯቸውን ያዛቸው!»

ከማዶ ሳቅ መጣ። «ለበግ ነው አላልኩም? በግ ጥሬውን ይበላል። ሰው ከሆናችሁ አብስሉት እንጂ!»

«አብስዬዋለሁ!»

«አሙቀሽዋል። ውሃውን ድፊና እንደገና ቀቅዪው። ጥርስ የሌለኝ ሰው በድዴ የምበላው እስኪሆን። ማሎ፣ እባክሽ፣ ሸዋ ውስጥ እንጨት የለም እንዴ?»

እናቴ በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ውሃውን ደፋች፣ ደግማ ቀቀለች። ማታ ሁላችንም በሚጥሚጣ እያጠቀስን ጠገብን፤ የእናቴም ጨጓራ አላመማትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘንቢሉ በአጥሩ ቀዳዳ ባዶውን ይሄዳል፣ ሞልቶ ይመለሳል። የእርድ ሥጋ በአጥራችን ላይ አያልፍም ነበር፤ እኛም የእሳቸውን አንበላም፣ እሳቸውም የእኛን። ሥርን ግን ማንም አልባረከውም፤ ለሁለታችንም የተፈቀደ ነበር፣ ለጾምም ጭምር።

በሦስተኛው ዘንቢል ላይ ወደ ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ጠረጴዛው ላይ የሰው ካፖርት ዘርግቶ ገበሩን ይሰፋ ነበር፤ አሮጌ ሙያውን ዝናብ ሲሆን ይመለስበታል።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ መዝገቡ ላይ ተሳስቻለሁ። የአዴ ጓሮ ጫካ አይደለም። ሙሉ ምግብ ነው።»

«አይቼዋለሁ፣ ጫካ ነው።»

«ከሥር ነው ያለው።»

«ኮሚቴው ከሥር አያይም፣ ልጄ።» ክሩን በጥርሱ በጠሰ። «ደግሞ መዝገቡ ማኅተም አርፎበታል። ማኅተም ያረፈበት ነገር አይሰረዝም።»

«ስህተት ቢሆንም?»

«ስህተት ከሆነ መሬቱ ይስተካከል። ኮሚቴው እስኪመጣ ጎመን ይታይበት፤ ጎመን ካዩ የለማ ነው። እኔ አልጠላም።» ቀና ብሎ አየኝ። «ችግኝ ግን አልቋል። አስቀድሜ ነው የምነግርሽ።»

ይህን ንግግር ወጣት ሳለሁ የቢሮክራሲ ዕብደት ምሳሌ አድርጌ በየስብሰባው ስናገረው ኖሬያለሁ። አሁን ሳስበው ሰውየው በዚያ ጊዜ ሊሰጠኝ የሚችለውን ሁሉ ሰጥቶኝ ነበር። ማኅተሙን ማንሳት አይችልም፤ ኮሚቴው የት ድረስ እንደሚያይ ግን ነግሮኛል።

ቅዳሜ አባቴ ከአጋሮ መጣ፤ መኪናቸው ሁለት ጊዜ ተይዞ ሁለት ጊዜ ስለገፉ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር። ጎደሬውን እየላጠ ታሪኩን ሰማኝ። «ጫካ» ስል መላጡን አቆመ፣ አየኝ፣ ቀጠለ። ከዚያ የበለጠ ተግሣጽ አላስፈለገኝም።

«በእነዚህ የቡና ከተሞች ብዙ ጉብኝት አይቻለሁ» አለ። «ጎብኚ በበጋ ከሆነ ዘልቆ ይገባል፣ ቡና ይቀምሳል፣ ይጠይቃል። በክረምት ግን ከመንገድ አይወርድም። ጫማው አይፈቅድለትም። የፊቱ አምስት መስመር ጎመን ከሆነ የኋላው ምንም ይሁን።»

«አምስት መስመር ጎመን ከየት ይመጣል?» አልኩ።

በመስኮቱ በኩል የእናቴ ጎመን ይታያል። በዚያ ዓመት በተአምር አልበሰበሰም፤ ወደ ስልሳ ራስ ገደማ መጠቅለል ጀምሯል። እናቴ ለፍልሰታ ያቆየችው ነበር፤ በየማለዳው ቀንድ አውጣውን አንድ በአንድ እየለቀመች።

«ያን ካነሳን የእኛ ባዶ ይሆናል» አለ አባቴ በቀስታ። «ባዶ ደግሞ ይወሰዳል።»

እናቴ ትበላው የነበረውን ጎደሬ አየችው። «ከነአፈሩ ካልተነሳ ይጠወልጋል» አለች። «እሑድ አፈር አይነካም። ሰኞ በማለዳ።» ነገሩ በዚህ አለቀ። እናቴ በሕይወቷ ስለ ለጋስነት ስትናገር ሰምቼ አላውቅም፤ ጊዜ አልነበራትም።

ሰኞ አባቴ ወደ አጋሮ ከመሳፈሩ በፊት ጀመርን። እሱ በአካፋ ከነአፈሩ ያነሳል፣ እኔ በሳፋ ተሸክሜ በአጥሩ ቀዳዳ አልፋለሁ፣ እናቴ አዴ ጓሮ ፊት ለፊት፣ መንገዱ ዳር ባለው ጠባብ መሬት ላይ ትተክላለች፤ በመስመር፣ በገመድ ለክታ። አዴ መጀመሪያ ተቃወሙ፣ ከዚያ በኦሮምኛ ለራሳቸው ብዙ ተናገሩ፣ ከዚያ ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው እኛ ጓሮ ገቡ። ጎመን በተነሳበት ጉድጓድ ሁሉ ጎንበስ ይላሉ፣ አፈር ይመልሳሉ፣ በተረከዛቸው ጠቅ አድርገው ያልፋሉ።

«አዴ፣ እርስዎ ደግሞ ምን ያደርጋሉ? ይቀመጡ እንጂ» አልኳቸው።

«ሰው እግሩ እንዳይሰበር ነው» አሉ። ጉድጓድ ለጉድጓድ ሁሉንም ጨረሱት።

ኮሚቴው በፍልሰታ ሁለተኛ ሳምንት መጣ፤ አምስት ሰው፣ ሦስት ዣንጥላ። ሊቀመንበሩ ከፊት፣ እኔ መዝገብ ይዤ ከኋላ። ዝናቡ ያዝ ለቀቅ ያደርጋል። አዴ ቤት ስንደርስ ጎመኑ እንደ ሰልፈኛ ቆሞ ነበር። አንዱ የኮሚቴ አባል ደስ ብሎት ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ከጎመኑ በላይ አሻግሮ አየ።

«ከኋላ ያለው ምንድነው?»

ብዕሬን ከወረቀቱ አነሳሁ። ሊቀመንበሩ ግን ለመልሱ አልተቸገረም።

«የነፋስ መከላከያ ነው፣ ጓድ» አለ። «ጎመን ነፋስ አይወድም።»

«በጣም ጥሩ» አለ ሰውየው። ጫማውን አይቶ ወደ ጭቃው አየ፣ አለፈ። እኔም «የለማ፣ የነፋስ መከላከያ ያለው» ብዬ ጻፍኩ፤ በዚያ መዝገብ ውስጥ ከጻፍኩት ሁሉ ለእውነት የቀረበው እሱ ሳይሆን አይቀርም። ቀጥሎ የእኛ ጓሮ ነበር። «ባዶ» ብዬ ጻፍኩ። «ያልለማ።» አላመነታሁም። ቢያንስ በዚህኛው እርግጠኛ ነበርኩ።

አዴ የቀበሌው ሞዴል አልሚ ተብለው በስብሰባ ተሸለሙ፤ አንድ የምስክር ወረቀትና አንድ እሽግ የጎመን ዘር። ወረቀቱን ልስን የወደቀበት ግድግዳ ላይ ለጠፉት፤ ነፋሱን ከለከለላቸው። ዘሩን ለእናቴ ሰጧት። የእኛን ጓሮ ወጣት ማኅበሩ በደብዳቤ ተረከበ፤ ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ አልነበርኩም፤ ውጤቴ መጥቶ ዩኒቨርሲቲ ደርሶኝ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ስለ ምሳሌ ብዙ አስተማሩን። የክረምት አትክልት ቦታ የነፍስ እንቅልፍ ምሳሌ እንደሆነ አስረዱ የሚል ፈተና ላይ ጥሩ ውጤት አግኝቻለሁ። ዛሬ ቢጠይቁኝ ሌላ ነው የምመልሰው። በእኛ አገር ክረምት ጓሮ አይተኛም፤ ይጮኻል። ቅጠሉ አገሩን ይሞላል፤ ያን ጊዜ ከቅጠሉ ሌላ የሚጮኽ ነገርም አልጠፋም ነበር፤ መፈክሩ፣ ድምፅ ማጉያው። የሚያኖረን ነገር ግን ከሥር ነበር፤ ዝም ብሎ፣ ሞቅ ብሎ፣ አንድ አሮጊት ብቻ እያወቁት። ይህን ምሳሌ ነው ካላችሁኝ አልከራከርም። እኔ ግን ጎደሬን የሌላ ነገር ምሳሌ ማድረግ ይከብደኛል። በልቼዋለሁ።

በዓመቱ ለክረምት ዕረፍት ተመለስኩ። ከአውቶቡስ ወርጄ በጭቃው እየተንሸራተትኩ ቤት ስደርስ የተወሰደው ጓሯችን ፊት ቆምኩ። የወጣት ማኅበሩ ጎመን አልነበረም። ከአጥር እስከ አጥር፣ በቀጥታ መስመር፣ የእናቴ ጎመን ቆሞበት በነበረው መስመር፣ የጎደሬ ቅጠል ጆሮውን ዘርግቶ ቆሟል።

እናቴ ነገረችኝ። ማኅበሩ ጎመን ተከለ፤ በጎመኑ መሃል ጎደሬ በቀለ። አረሙት። ቅጠሉን ቆርጠው ሥሩን ስለተዉት እንደገና በቀለ። በበጋ ጠፋ ብለው ሲደሰቱ ዝናብ እንደጀመረ ከቀድሞው በዝቶ ወጣ። የመጀመሪያው ጎመን በሰበሰ፣ ሁለተኛውን ቀንድ አውጣ በላው፣ ማኅበሩም ሌላ ዘመቻ ታዘዘና ሄደ። በደብዳቤ የተወሰደ መሬት ያለ ደብዳቤ ተመለሰ። ከስልሳ ጉድጓድ ውስጥ ሃምሳው በቅሎ ነበር።

ያን ጊዜ ነው የአዴ ተረከዝ ትዝ ያለኝ። ኮሚቴው ፊት ቆሜ፣ ሳላመነታ፣ «ባዶ» ብዬ ጻፍኩ። ከሥር ግን ስልሳ ጎደሬ ተቀብሮ ነበር። በአንድ መዝገብ ላይ ሁለት ጊዜ በሐቀኝነት ተሳሳትኩ፤ ሁለቱም ጊዜ በአንድ ምክንያት። ከዚያ ወዲህ ስለ ማንም ሰው «ባዶ» ብዬ ለመጻፍ ብዕሬን ሳነሳ ክርኔን ጭቃ ይነካኛል። ለአንድ ጸሐፊ ከዚህ የበለጠ ስጦታ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

አዴን ለማመስገን ሮጥኩ። በረንዳቸው ላይ ነበሩ። «ጉድጓዱ ውስጥ ምን ከተቱበት?» አልኳቸው።

«አፈር» አሉ። «ሰው እግሩ እንዳይሰበር ብዬሻለሁ። ተሰበረ?»

«አልተሰበረም።»

«አልሐምዱሊላህ። ከስተሻል፣ እዚያ ምን ያበሏችኋል?»

በማግስቱ እናቴ ጫማዋን አውልቃ ጓሯችን ገባች። እጇን እስከ ክርኗ ሰድዳ ልጆቹን አንድ በአንድ ገንጥላ አወጣች፤ እናቲቱን አፈር አልብሳ በተረከዟ ጠቅ አደረገቻት። ዘንቢሉ ሲሞላ አጥባ፣ በእንሰት ቅጠል ሸፍና ሰጠችኝ።

«ለአዴ ስጫቸው» አለች። «ለበግዎ ነው በያቸው።»

አዴ ቅጠሉን ገልጠው አዩ። አንዱን አንስተው በጣታቸው መዘኑት፤ ከደዶ የመጣውን የወንድማቸውን ዘር ከአንድ ዓመት በኋላ ሲያገኙት።

«በጌ በጣም ደስ ብሎታል በያት» አሉ። «ዘንድሮ ግን አብስሎ ነው የሚበላው።»